አዲስ ሄርሚት ክራብ ወደ ቤት ታንክ ሲገባ፦ ከቦርድዎክ እስከ አሸዋው ሥር

ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ውስጥ ልጅ የሚያሳድግ ሐበሻ ይህን ታሪክ ያውቀዋል። ሰመር ላይ ቤተሰቡ ኦሽን ሲቲ ወይም ቨርጂኒያ ቢች ይወርዳል። ማታ ቦርድዎክ ላይ ሲንሸራሸሩ ልጁ በሽቦ ቤት ውስጥ የታጨቁ፣ ዛጎላቸው በቀለም የተዥጎረጎረ ሄርሚት ክራቦች (ባዶ ዛጎል ተሸክመው የሚኖሩ ትንንሽ ሸርጣኖች) ያይና እዚያው ይገተራል። «ክራቡ በነፃ ነው፣ ቤቱን ብቻ ግዙ» የሚል ማስታወቂያም አይጠፋም። ተለምኖ፣ ተለቅሶ ይገዛል። ቤት ካለፈው ዓመት የተረፈ ክራብ ካለ ደግሞ «ጓደኛ እናምጣለት» ይባላል።

መመሪያው ለሁለቱም ቤት ነው። ዋናውን ነገር ከወዲሁ ልናገር፦ ሥራው ማለቅ ያለበት ክራቡ ቤት ከመድረሱ በፊት ነው። ከዚያ በኋላ የእናንተ ድርሻ እጅን መሰብሰብ ነው። አብዛኛው ሰው ግን የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው። ክራቡን አምጥቶ ሲያገላብጠው ይሰነብታል፤ ታንኩን የሚያስበው ክራቡ መንቀሳቀስ ሲያቆም ነው።

ያመጣችሁት ምንድን ነው?

አሜሪካ ውስጥ በብዛት የሚሸጠው የካሪቢያኑ ዝርያ ነው፤ ሳይንሳዊ ስሙ ኮኖቢታ ክላይፒያተስ ይባላል። ትልቁ የግራ መቆንጠጫው ወይን ጠጅ ስለሆነ አሳዳጊዎች «ፐርፕል ፒንቸር» ይሉታል። ከደቡብ ፍሎሪዳ አንስቶ በካሪቢያን ደሴቶች እስከ ቬኔዙዌላ ይኖራል። አልፎ አልፎ የኢኳዶሩ ዝርያ፣ ኮኖቢታ ኮምፕሬሰስ፣ ሱቅ ላይ ይገኛል። እሱ ፈጣንና እረፍት የለሽ ነው።

ሱቅ ላይ የምታዩዋቸው ከሞላ ጎደል ሁሉም ከዱር የተያዙ ናቸው። ሞቃትና እርጥብ ከሆነ የባህር ዳር ጫካ ተለቅመው፣ በጆንያና በካርቶን ተጭነው፣ ኤሲ በሚነፍስበት ሱቅ ሰንብተው ነው እናንተ እጅ የሚገቡት። ክራቡ ሲደርስ ደህና ቢመስልም ደክሟል። በተፈጥሮ ቦታው ከ30 ዓመት በላይ ሊኖር የሚችል ፍጥረት በጥቂት ወራት የሚሞተውም በአብዛኛው ለዚህ ነው።

ቀይ ባህርም የራሱ ዘመድ አለው፤ ኮኖቢታ ስካይቮላ። እስራኤል፣ ኤላት ያላችሁ ማታ ማታ አሸዋው ላይ ሲሄድ አይታችሁት ይሆናል። እሱ እዚያው ይቅር። ባዶ ዛጎሉንም አትልቀሙ፤ ለሌላ ክራብ ቤት ይሆናል።

መጀመሪያ አየሩ

ሄርሚት ክራብ በመሬት ላይ ቢኖርም የሚተነፍሰው እንደ ዓሣ በስንጥብ ነው። ስንጥቡ የሚሠራው እርጥብ ሲሆን ብቻ ነው። አየሩ ሲደርቅ ክራቡ በዝግታ ይታፈናል፤ በቀናት ሳይሆን በሳምንታትና በወራት። ስለዚህ ማንም «እርጥበት ስላነሰ ሞተ» አይልም። «እንዲሁ ሞተ» ነው የሚባለው። የሽቦው ቤት የማይረባውም ለዚህ ነው፦ እርጥበት አይይዝም።

የሚያስፈልገው ባለ መስታወት ታንክ ነው፤ ክዳኑም መስታወት ወይም ፕሌክሲግላስ ይሁን። ወንፊት የሆነ ክዳን ካላችሁ አብዛኛውን በላስቲክ ሸፍኑት። ክዳኑ ከበድ ይበል፤ እነዚህ ፍጥረታት መውጣት ይችሉበታል፣ ትንሽ ክፍተት ካገኙ ሶፋ ሥር ነው የምታገኟቸው። ለሁለትና ሦስት ትንንሽ ክራብ 10 ጋሎን መነሻ ነው። ነባር ክራብ ካለና አዲስ ከተጨመረ 20 ወይም 29 ጋሎኑን ግዙ፤ ያገለገለ ታንክ በርካሽ ይገኛል፣ ውሃ ቢያፈስ እንኳ ለክራብ ችግር የለውም።

እርጥበቱ ከ75 እስከ 85 በመቶ፣ ሙቀቱ በፋረንሃይት ከ75 እስከ 85 (በሴልሺየስ ከ24 እስከ 29) ይሁን። ቁጥሩ ስለሚመሳሰል አይረሳም። ባለ ዲጂታል የእርጥበት መለኪያ ግዙ። ግን አትመኑት፣ መጀመሪያ ፈትኑት። በቢራ ክዳን የገበታ ጨው አድርጉ፣ ጥቂት የውሃ ጠብታ ጨምራችሁ ለስለስ ያለ ሊጥ አስመስሉት፣ ከመለኪያው ጋር ዚፕ ያለው ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ዝጉት። ከስምንት ሰዓት በኋላ 75 በመቶ ማሳየት አለበት። 68 ካሳየ ሰባት እየደመራችሁ ታነባላችሁ። ቀላል ነገር ነው፣ ብዙ ክራብ ግን ያለቀው በተሳሳተ መለኪያ ነው።

ለሙቀት ማሞቂያ ምንጣፍ ከታንኩ ጀርባ፣ በውጪ በኩል፣ ከአሸዋው መስመር በላይ ይለጠፋል። ከታች አይለጠፍም። ከላይ የሚያበራ ትኩስ መብራት ደግሞ አየሩን ያደርቃል።

ታንኩን የት ታስቀምጡታላችሁ? ይሄ በተለይ ለእኛ ቤት ነው። ቡና በሚቆላበትና እጣን በሚጨስበት ክፍል አይሁን። ጭሱ ለክራቡ ስንጥብ ጥሩ አይደለም። የሚረጭ ሽቶና የበረሮ መርዝም እንዲሁ። ሳሎን ውስጥ ቡና የሚፈላ ከሆነ ታንኩ መኝታ ቤት ይግባ። ሴት አያት ቤት ካሉ «ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት ነገር ነው» ማለታቸው ስለማይቀር ይህም ሌላ ጥቅም አለው።

አሸዋው

አሸዋው ጥልቅ ካልሆነ የተቀረው ሁሉ ከንቱ ነው። ክራብ የሚያድገው ቅርፊቱን (ዛጎሉን ሳይሆን የገላውን ጠንካራ ሽፋን) ጥሎ አዲስ በማውጣት ነው፤ ይህን የሚያደርገው ደግሞ ከመሬት ሥር ተቀብሮ ነው። መቀበሪያ ካጣ ይጨነቃል፣ ቆይቶም ይሞታል።

ለልጆች መጫወቻ የሚሸጠውን «ፕሌይ ሳንድ» አምስት እጅ፣ የኮኮናት ቃጫ ብናኝ አንድ እጅ ቀላቅሉ። ክሎሪኑ በጠፋ ውሃ አርጥቡት። መፈተኛው ጣት ነው፦ ጣታችሁን እስከ አንጓው ክተቱና አውጡ። ጉድጓዱ ሳይናድ ከቆመ ልክ ነው። ከተናደ ደርቋል፤ ከሥሩ ውሃ ካቆረ በዝቷል። ጥልቀቱ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር፣ ወይም ከትልቁ ክራባችሁ ቁመት ሦስት እጥፍ ይሁን፤ ከሁለቱ የሚበልጠውን ውሰዱ። «ካልሲየም ሳንድ» የሚባለውን ተዉት፤ ሲረጥብ ይደድራል።

ሁለት ገንዳ

አንዱ ጣፋጭ (ጨው የሌለው) ውሃ፣ ሌላው የባህር ውሃ። ሁለቱም ክራቡ ሙሉ በሙሉ ሊነከርበት የሚችል ጥልቀት ይኑራቸው፤ መውጫ ድንጋይ ወይም መረብ ግን የግድ ነው። ክራቡ ውሃውን ዛጎሉ ውስጥ ይዞ ስለሚዞር፣ የጨዉንና የጣፋጩን መጠን ራሱ ነው የሚያመጣጥነው።

የባህር ውሃ የሚሠራው በባህር አኳሪየም ጨው ነው፤ በአንድ ጋሎን ግማሽ ኩባያ፣ ወይም በሊትር 35 ግራም ገደማ። የገበታ ጨው አይሆንም። «የሄርሚት ክራብ ጨው» ተብለው በትናንሽ ጠርሙስ የሚሸጡት ጠብታዎችም የባህር ውሃን አይተኩም።

ውሃውን አሳድሮ ክሎሪኑን ማብነን የሚባል የቆየ ዘዴ አለ። ዲሲ ውስጥ አይሠራም። ከተማዋ ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቧንቧ ውሃዋን የምታክመው በክሎራሚን (የክሎሪንና የአሞኒያ ውህድ) ነው፤ ክሎራሚን ደግሞ በማሳደር አይጠፋም። ከዓሣ ዕቃ መሸጫ ክሎሪንና ክሎራሚን የሚያስወግድ ጠብታ ግዙ። አንድ ጠርሙስ ለረጅም ጊዜ ይበቃል።

ዛጎል

አዲስ ክራብ ከነባሩ ጋር የሚጣላው ከሁሉም በላይ በቤት ጉዳይ ነው። ስለዚህ እንግዳው ከመምጣቱ በፊት ለእያንዳንዱ ክራብ ከሦስት እስከ አምስት ባዶ ዛጎል ታንኩ ውስጥ ይኑር። ፐርፕል ፒንቸር አፉ ክብ የሆነውን «ተርቦ» (turbo) የሚባለውን ዛጎል ይወዳል፤ የኢኳዶሩ ደግሞ አፉ ግማሽ ክብ የሆነውን። መጠኑን የምታውቁት በትልቁ መቆንጠጫ ነው። የዛጎሉ አፍ ከመቆንጠጫው ስፋት ጋር እኩል ወይም ትንሽ ሰፋ ያለ ይሁን። ዛጎሎቹን ለአምስት ደቂቃ ቀቅሉ፣ ሲቀዘቅዙ ውስጣቸው ጥቂት የባህር ውሃ አድርጋችሁ አስቀምጡ።

ቀለም የተቀባ ዛጎል አታስገቡ። ቀለሙ ይላጣል፣ ክራቡ ይበላዋል። ይዞት የመጣውን ግን በጉልበት ለማስወለቅ እንዳትሞክሩ። ክራብ ከሚለቅ ይበጠሳል። የተሻለ ቤት አጠገቡ ካለ በራሱ ጊዜ ይቀይራል፤ ያን ጊዜ ባለ ቀለሙን ወደ ቆሻሻ።

ሱቁ ውስጥ

ታንኩ የእርጥበትና የሙቀት ቁጥሩን ይዞ ቢያንስ ለሁለትና ሦስት ቀን ሳይዋዥቅ ከቆየ አሁን ክራብ መግዛት ትችላላችሁ። ከዛጎሉ ውጪ ስድስት እጅና እግር ቁጠሩ፦ ሁለት መቆንጠጫ፣ አራት መራመጃ። የቀሩት አራቱ ትንንሽ ሆነው ዛጎሉ ውስጥ ናቸው። ስታነሱት ፈጥኖ የሚሰበሰበውን ምረጡ። እንደ ዝልግልግ ጨርቅ ተንጠልጥሎ የሚቀረውን ተዉት። አሸትቱትም፤ የበሰበሰ ዓሣ የሚሸት ክራብ አብቅቶለታል። በመጠን ከነባሩ ጋር የሚቀራረብ ቢሆን ይመረጣል።

የሽቦ ቤቱን፣ ስፖንጁንና የታሸገ ምግቡን እዚያው ተዉላቸው። ወደ ቤት ስትመለሱ አየር የሚያስገባ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ እርጥብ የወረቀት ፎጣ አንጥፋችሁ አስቀምጡት። የመኪናው ኤሲ በቀጥታ አይንፈስበት፤ ሬስቶራንት ጎራ ስትሉ መኪና ውስጥ አትተዉት።

ኳራንታይን ያስፈልጋል?

ቤት ሌላ ክራብ ከሌለ እርሱት፣ ቀጥታ ታንኩ ውስጥ ይግባ። ነባር ካለ ግን አሳዳጊዎች አይስማሙም። አንዱ ወገን ቅንቅን ይዞ እንዳይመጣ ለብቻው ይቆይ ይላል። ሌላው ደግሞ፣ እየደከመ ያለን ክራብ በትንሽ ዕቃ ማቆየት ጭንቀት መጨመር ነው፣ እዚያው ቅርፊት መጣል ቢጀምርስ ይላል።

እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ። የመጣውን ክራብ ከነዛጎሉ በደማቅ ብርሃን ሥር አየዋለሁ። በመገጣጠሚያዎቹና በዓይኑ ዙሪያ ነጭ ወይም ቡናማ ነጥቦች ከተንቀሳቀሱ ቅንቅን ነው። ያን ጊዜ ለብ ባለ፣ ክሎሪኑ በጠፋ የባህር ውሃ ቀስ ብላችሁ ነክራችሁ አውጡት፣ ዛጎሉ ውስጥ የገባውን ውሃ አፍስሱ፣ ከዚያ ለብቻው አቆዩት። ቅንቅን ከሌለ ገላ ማጠብ አያስፈልግም። የኳራንታይን ዕቃ ካዘጋጃችሁ ደግሞ አየሩም፣ የአሸዋው ጥልቀትም፣ ገንዳዎቹም እንደ ዋናው ታንክ ይሁኑ።

በጣም ደረቅ ከሆነ ሱቅ የመጣ ክራብን እርጥበቱን በቀናት ከፍ እያደረጉ የሚያለማምዱ አሉ። ይህን የምታደርጉ ከሆነ በሌላ ዕቃ ይሁን። ለአንድ እንግዳ ብላችሁ የነባሮቹን አየር አታድርቁ።

የመጀመሪያዋ ምሽት

ክራብ የሌሊት ፍጥረት ነው፤ ስለዚህ አመሻሽ ላይ፣ መብራቱ ሲጠፋ ነው የሚገባው። መጀመሪያ ነባሮቹን መግቡ። እንቁላል ወይም ሽሪምፕ ይሁን፤ ፕሮቲን ያጣ ክራብ ነው እንግዳ ላይ የሚነሳው። ከዚያ አዲሱን በዛጎሉ ጀርባ ይዛችሁ በሁለቱ ገንዳዎች መካከል፣ ዛጎሎቹ አጠገብ አስቀምጡት። ውሃው ውስጥ አትክተቱት። ክዳኑን ዝጉ።

መጀመሪያ ምንም አይሆንም። ከዛጎሉ አይወጣም። ከቆይታ በኋላ የአንድ እግር ጫፍ ይታያል፣ ከዚያ ዓይኖቹ፣ ከዚያ አንቴናዎቹ ወደ ላይና ወደ ታች ይርገበገባሉ፤ እያሸተተ ነው። ብዙዎቹ መጀመሪያ የሚሄዱት ወደ ውሃ ነው። አንዳንዱ ጨዉ ገንዳ ውስጥ ገብቶ ረጅም ጊዜ ይቀመጣል። አታውጡት፣ ሲጠማ የቆየ ነው።

ነባሩ ሲመጣ ልጆቹ «እየተጣሉ ነው!» ብለው ይጮሃሉ። ብዙ ጊዜ ጠብ አይደለም። አንቴና ለአንቴና መነካካት ትውውቅ ነው። አንዱ በሌላው ላይ ተረማምዶ ማለፉ፣ በእግር መገፋፋቱ፣ ጭርጭር የሚል ድምፅም የተለመደ ነው። መጠንቀቅ ያለባችሁ አንዱ ሌላው ላይ ተጣብቆ ዛጎሉን ሲወዘውዝና ሲያንኳኳ፣ መቆንጠጫውን ወደ ሌላው ዛጎል አፍ ሲያስገባ ነው። ያ «ከቤቴ ውጣልኝ» ነው። አጥቂውን በዛጎሉ ጀርባ ይዛችሁ ለዩት። ከተቆላለፉ አትጎትቱ፤ ለብ ያለ ክሎሪን የሌለው ውሃ ብታፈሱባቸው ብዙ ጊዜ ይላቀቃሉ። ከዚያ ተጠቂው ያደረገውን ዛጎል የሚመስሉ ሌሎች ጨምሩ። አጥቂው የፈለገው ዛጎሉን ነው።

አንድ ክራብ ራቁቱን ከተገኘ አትደናገጡ። በትንሽ ዕቃ ውስጥ ጥቂት ክሎሪን የሌለው ውሃና ሦስት አራት ልክ የሆኑ ዛጎሎች አስቀምጡለት፣ በጨርቅ ሸፍኑት፣ ጨለማ ይሁንለት። ሆዱ ለስላሳ ስለሆነ በእጅ ወደ ዛጎል አትግፉት። ብዙውን ጊዜ ራሱ ይገባል።

ምግብ፣ በአጭሩ

የሱቁን የታሸገ ምግብ ስያሜ ብታነቡ ኤቶክሲኩዊን ወይም ኮፐር ሰልፌት የሚባሉ ኬሚካሎች ሊኖሩት ይችላሉ፤ ተዉት። ወጥ ቤታችሁ ይበቃል፦ የተቀቀለ እንቁላል፣ ዓሣ፣ ማንጎ፣ ካሮት፣ ዱባ፣ ኮኮናት፣ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት ለካልሲየም። ጨው፣ በርበሬ፣ ዘይት፣ ሽንኩርት የነካው ነገር አይቅረብ። ወጥ አይቀምስም ማለት ነው። በጾም ወቅት ደግሞ ፍሪጁ ውስጥ የደረቀ ሽሪምፕ ጥቅል ይኑራችሁ፤ እናንተ ብትጾሙም ክራቡ አይጾምም።

ከዚያ ይጠፋል

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ወይም ሳምንታት አዲሱ ክራብ አሸዋው ውስጥ ገብቶ ሊቀበር ይችላል። ቤተሰብ የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። አንዱ ሞቷል ይላል፣ ልጁ ማንኪያ ይዞ ይመጣል። አትቆፍሩ። ምናልባት ጭንቀቱን እያሳለፈ ነው፤ ምናልባት ቅርፊቱን እየጣለ ነው። ቅርፊት የጣለ ክራብ አካሉ ለስላሳ ነው፣ ሲነካ ይቆስላል። ትንሽ ክራብ ሦስትና አራት ሳምንት፣ ትልቁ ሁለትና ሦስት ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሊቆይ ይችላል። የገባበትን ቀን በፕላስተር ላይ ጽፋችሁ መስታወቱ ላይ ለጥፉ፤ ክርክሩ ይቀንሳል።

አሸዋው ላይ ባዶ እግርና መቆንጠጫ ብታገኙ ወዲያው አትጣሉት። አንስታችሁ እዩት፦ ክፍትና ቀላል ከሆነ የተጣለ ቅርፊት ነው። ባለቤቱ ካልሲየሙን ለመመለስ ይበላዋል፣ እዚያው ተዉለት። ክራቡ ሳይቀበር ከላይ ቅርፊቱን እየጣለ ከሆነ ሥሩ የተቆረጠ የፕላስቲክ ጠርሙስ ክራቡ ላይ ደፍታችሁ የተቆረጠውን ጫፍ አሸዋው ውስጥ ክተቱት፣ ሌሎቹ እንዳይነኩት። የሞተ ክራብ ግን በጠረኑ ይታወቃል፤ ክዳኑን ስትከፍቱ የሚመታችሁ የበሰበሰ ዓሣ ሽታ ነው። እሱ ካልመጣ ጠብቁ።

በጉዞው ተጎድቶ እግር የጣለ ክራብም አለቀለት ማለት አይደለም። ከተረፈ በሚቀጥሉት የቅርፊት ለውጦች እግሩ መልሶ ይበቅላል።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ውሃ ትቀይራላችሁ፣ የተረፈ ምግብ ታነሳላችሁ፣ ቁጥሩን ታያላችሁ። ሌላ ሥራ የለም። ልጁ ክራቡን መዳፉ ላይ አድርጎ ለጓደኞቹ ማሳየት ይፈልግ ይሆናል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት አይሆንም በሉት፤ ከዚያም በኋላ አልፎ አልፎ ብቻ።

ልጁ ቢሰለቸውስ? ወደ ባህር አትመልሱት። የኦሽን ሲቲ ዳርቻ የካሪቢያን ክራብ አገር አይደለም፣ ክረምቱንም አያልፈውም። ሄርሚት ክራብ ተቀብለው የሚያሳድጉ ሰዎች በየግዛቱ አሉ፤ ስትሰጡ ከነታንኩ፣ ከነአሸዋው ስጡ። የተቀበረ ክራብ ካለ ግን ብቅ እስኪል ታንኩ ከቤት አይነቃነቅም።